አስታማሚነት ወይስ የኦፕራሲዮን ክፍል ሥራ? የአንዲት የዲምቱ ተወላጅ ምርጫ

በፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊት የሚቀርበው ጉዳይ ሁሉ የመሬትና የውርስ፥ የብድርና የዋስትና ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ከጠረጴዛዬ አጠገብ አንድ ሳምንት ቢቀመጥ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። ባለፈው የበጋ ወራት ወደ እኔ የቀረበችው የ43 ዓመት ሴት ይዛ የመጣችው ጉዳይ ከሳሽም ተከሳሽም የሌለበት፥ ዳሩ ግን ለመቍረጥ ከብዙ ክርክር ይልቅ የሚያስቸግር ነበር። ትውልዷ በወላይታ፥ ከሶዶ ወደ ምሥራቅ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዲምቱ ከተማ ነው፤ ኑሮዋ ግን ከ11 ዓመት ወዲህ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ሆኗል። በዚያም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ረዳት ሆና ታገለግላለች። ባለቤቷ ከሞተ 5 ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ልጆች አሏት።

የመጣችበት ምክንያት እንዲህ ነው። በሶዶ የተማረችበት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት የአባቷን ስም በአንድ ዓይነት ፊደል፥ የአሜሪካው መታወቂያዋ ደግሞ በሌላ ዓይነት ፊደል ስለ ጻፈው፥ ሁለቱም ወረቀቶች የአንዲት ሰው መሆናቸው በፍርድ ቤት እንዲረጋገጥላት ማመልከት አስፈለጋት። ይህን የመሰለ ነገር ዘወትር የምናየው ነው። «ወረቀቱ ለምን አገልግሎት ነው?» ብዬ ብጠይቃት፥ «ትምህርት ቤት ልገባበት ነው፥ ጋሼ» አለችኝ፤ ቀጥላም፥ «የምገባበትን ትምህርት ግን ገና አልቈረጥሁም» አለች።

ከአርባ ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት መግባት አንዳንዱን ሰው ያስቀው ይሆናል። እኔን ግን አላሳቀኝም፤ በልጅነቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ጢማቸው የበቀለ ተማሪዎች አኮፋዳቸውን አንግተው መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር ሲዞሩ አይቻለሁና። የሚያሳስበው ዕድሜዋ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር። ከደመወዟ ቈጥባ ያጠራቀመችው ገንዘብ ለአንድ ትምህርት ቢበቃ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ተሳስታ እንደ ገና ልትጀምር አይቻላትም።

የቀረቡላት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዚያ አገር ፕራክቲካል ነርስ የሚባለው የአስታማሚነት ሥራ ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያም የፈቃድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ይህች አስታማሚ በዋናው ነርስ ትእዛዝ ሥር ሆና የሕመምተኛውን ትኩሳትና የደም ግፊት ትለካለች፥ መድኃኒት ትሰጣለች፥ ቍስል ታጥባለች፥ ያየችውንም ትጽፋለች። ሁለተኛው ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት የሚባለው ነው። ትምህርቱ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ሲሆን፥ ሥራውም በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው፤ ይኸውም ከጀርም የጸዳውን ጠረጴዛ ማዘጋጀት፥ ለሐኪሙ መሣሪያውን በየተራው ማቀበል፥ የገባውንና የወጣውን ሁሉ መቍጠር ነው። ይህ ሙያ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ነርሶች ስላነሱ የአሜሪካ ሠራዊት ወታደሮቹን ለዚሁ አገልግሎት ባሠለጠነ ጊዜ ነው። የሁለቱ ደመወዝ ተቀራራቢ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ቃል አላበዛም። ዘመዶቿ ግን በአንድ ድምፅ ሁለተኛውን መርጠውላት ነበር፤ ምክንያታቸውንም ብትጠይቃቸው «ቴክኖሎጂ» የሚለው ቃል ከ«ነርስ» ይልቅ ለጆሮ ከፍ ያለ ሆኖ ስለ ተሰማቸው መሆኑን ተረዳች። በስም ታላቅነት ሙያ የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ የእኛ መሥሪያ ቤት ሰው ባልቸገረው ነበር።

የእርሷ ልብ ግን የተከፈለው በስም አልነበረም። ወደ አገሯ ያመጣት የእናቷ ሕመም ነው። እናቷ በዲምቱ ከቤታቸው ደጃፍ ወድቀው የጭናቸው አጥንት ከዳሌያቸው አጠገብ ስለ ተሰበረ፥ በመኪና ወደ ሶዶ ተወስደው ከከተማይቱ ሐኪም ቤቶች በአንደኛው ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ልጃቸውም ደርሳ 12 ሌሊት ከአልጋቸው ሥር አደረች።

በእነዚያ ሌሊቶች ያየችው አንዲት ነርስ ነበረች። ይህች ነርስ በየሁለት ሰዓቱ እየመጣች፥ ጀርባቸው እንዳይቈስል አሮጊቷን ከጐን ወደ ጐን ታገላብጣቸዋለች፤ ሳንባቸው እንዳይታፈን በረጅሙ እንዲተነፍሱ ታዛቸዋለች፤ ይህንም ሁሉ በወላይትኛ እየተናገረች ነው። አሮጊቷ አማርኛ ባይጠፋባቸውም ሕመም የጸናበት ሰው የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። ልጃቸው በባዕድ አገር ይህንኑ ሥራ ለ11 ዓመት የሠራች ስለ ሆነች፥ የእጅዋን ልክ ዐውቃ አደነቀቻት።

ሌላው ነገር ግን በዓይኗ ያላየችው ነው። ኦፕራሲዮኑ ከተነገራት ሰዓት በላይ ስለ ቈየ እርሷ ከደጅ ሆና ተጨንቃ ነበር። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ስታቀብል የነበረችውን ልጅ አግኝታ ብትጠይቃት፥ ምክንያቱን ነገረቻት። ሐኪሙ አጥንቱን በብረት አያይዞ ቍስሉን ለመስፋት ሲዘጋጅ፥ ይህች ልጅ የጎዙን ቍጥር ብትተሳሰብ አንድ ጐደለባት። «ዶክተር፥ አንድ ይጐድላል» አለች። ሐኪሙም መርፌውን አስቀመጠ። መሬቱ ተፈተሸ፥ ባልዲው ተገለበጠ፥ እንደ ገና ተቈጠረ፤ በመጨረሻም ጎዙ ሕመምተኛዋ በለበሱት ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ቍስሉ ተሰፋ። «ሰውነታቸው ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ ኖሮ?» ብላ ብትጠይቅ፥ ልጅቱ «ለዚህ አይደል የምንቈጥረው!» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይህን በነገረችኝ ጊዜ እኔም ብዕሬን አስቀመጥሁ። የመዝገብ ሰው ስለ ሆንሁ የቍጥርን ነገር አቃልዬ አላይም። መዝገብ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲዛወር ገጹ ተቈጥሮ፥ ጐደሎው ተጽፎ፥ ሰጪና ተቀባይ ፈርመው ነው። በኦፕራሲዮን ክፍልም ሥርዓቱ ይህንኑ ይመስላል፤ ከመቀደዱ በፊት ይቈጠራል፥ ውስጡ ከመዘጋቱ በፊት ይቈጠራል፥ ቆዳው ሲሰፋም ይቈጠራል፤ የሚቈጥሩትም ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ በጠረጴዛው፥ ሁለተኛዋ ከጠረጴዛው ውጭ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይተሳሰባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ያወጣው የኦፕራሲዮን መጠበቂያ ዝርዝር 19 ነጥቦች ሲኖሩት፥ ይህ ቈጠራ ከእነርሱ አንዱ ነው። ዝርዝሩ በ8 የዓለም ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች በተሞከረ ጊዜ፥ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 መውረዱ በ2009 ታትሟል። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተጨመረው አስቀድሞ መጠየቅና መቍጠር ነው።

«እንግዲያው ልብሽ ወደዚያ ክፍል ከሄደ ምን ቀረሽ?» አልኋት።

«ልቤስ ሄዷል» አለች። «11 ዓመት ሰው አንሥቻለሁ፤ ወገቤ አልቋል። በዚያ ክፍል የሚነሣው መቀስ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ በዚያ አልኖርም፤ ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ ወደ ዲምቱ እመለሳለሁ፤ እናቴም አለች። የማመጣው ሙያ በዚህ አገር ምን ይባላል?»

የጉዳዩ ቍልፍ ይህ ጥያቄ ነበር። በአሜሪካ ሁለቱ ሙያዎች የተለያዩ ሲሆኑ፥ በኢትዮጵያ ግን በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ መሣሪያ የሚያቀብሉት ብዙውን ጊዜ ነርሶች ናቸው። በሶዶ እናቷን ያገላበጠችውና በኦፕራሲዮን ክፍል የቈጠረችው ሁለቱም ነርሶች ናቸው፤ ሁለተኛዪቱ በላዩ ላይ የክፍሉን ሥራ ተማረች እንጂ በሌላ በር አልገባችም። ስለዚህ ነርስነት ይዞ የመጣ ሰው፥ የትምህርቱ ማስረጃ ተመርምሮና አቻው ተወስኖ የሥራ ፈቃድ ሲሰጠው፥ ቢያንስ የሚታወቅ ስም ይዞ ይቀርባል። መሣሪያ ማቀበልን ብቻ ተምሮ የመጣ ሰው ግን መዝገቡን የሚከፍቱለት በምን ስም እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ኋላ ተመልሰን ብናየውም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በየሐኪም ቤቱ ሠልጥነው በየገጠሩ ክሊኒክ የተሰማሩት ድሬሰሮች ስማቸው የተወሰደው ቍስል ከማሰር ሲሆን፥ ሕዝቡ ግን ሐኪም እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ምክንያቱም ከእነርሱ በቀር ሌላ አላየምና። ወላይታም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከ1920 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሰዎች በሶዶ በኦቶና የጀመሩት ሕክምና ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል፤ በ1997 ዓ.ም. የተከፈተው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ያሠለጥናል። የኦፕራሲዮን ሥራ ለሚወድ ሰው ሶዶ ቅርብ ናት። ዲምቱ ግን ሶዶ አይደለችም።

በእኛ አገር የሕክምና ተቋሞች አደረጃጀት፥ ከጤና ኬላ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያም በላይ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ የሚያገለግል የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ። የኦፕራሲዮን ክፍል በደንብ የሚጠበቀው ከዚህ ከሆስፒታሉ ጀምሮ ነው። ነርስ ግን በጤና ጣቢያም፥ በሆስፒታልም፥ በግል ክሊኒክም፥ በትምህርት ቤትም ቦታ አላት፤ ሥራ ባትቀጠር እንኳ ወደ ብላቴ ቈላ በሚወርደው በዚያ አገር ወባ የያዘውን ልጅ ትኩሳት ለይታ ሳይመሽ ላኩት ማለት ትችላለች። መሣሪያ አቀባይ ሐኪም፥ ማደንዘዣ ሰጪ፥ መብራትና የጸዳ ክፍል በሌለበት ቦታ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ይህ የሙያውን ክብር አይቀንስም፤ ቄስ ያለ ታቦት እንደማይቀድስ ያህል ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁለት ሴቶች ትዝ አሉኝ፤ ሁለቱንም የሚያገናኛቸው በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ነው።

የመጀመሪያይቱ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1939 በነርስነት ተመረቁ፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ሠሩ። የንጉሥ ልጅ የሕሙማን አልጋ ማንጠፍን የመሰለ ሥራ መማራቸው፥ በእጅ ሥራ በሚያፍር ወገን ዘንድ ትልቅ ነገር ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይሠሩ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው እርሱ ነው።

ሁለተኛይቱ ማሚቱ ጋሼ ናት። ከገጠር የመጣች፥ ፊደል ያልቈጠረች ልጅ ስትሆን፥ በ16 ዓመቷ ገደማ አራት ቀን ምጥ ጸንቶባት ሕፃኑ ሞተ፤ እርሷም ፌስቱላ በሚባለው ጕዳት ተያዘች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያው ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥታ፥ ከአውስትራልያ በመጡት በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሐምሊን ታከመች። ከዳነችም በኋላ ወደ መንደሯ አልተመለሰችም፤ በዚያው የሕሙማኑን አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ መሣሪያ ታቀብል ዘንድ ተፈቀደላት፤ ዶክተር ሐምሊን እጇን በእጃቸው እየመሩ አስተማሯት፤ በመጨረሻም ራሷ የምትቀድና የምትሰፋ፥ ለሌሎችም ሐኪሞች የምታሳይ ባለሙያ ሆነች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 የለንደን ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ሰርጅንስ የወርቅ ሜዳይ ሰጣቸው፤ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር አብራ ተቀበለች።

ይህን ለባለጉዳዬ በነገርኋት ጊዜ፥ «እንግዲያው እርስዎም ወደ ኦፕራሲዮኑ ያደላሉ» አለችኝ። አላደላሁም። እኔ የተመለከትሁት ማሚቱ የደረሰችበትን ሳይሆን የጀመረችበትን ነው፤ የጀመረችው ከአልጋው ነበር። ደግሞም የእርሷ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ ያለ ፈቃድ ወረቀት መቀስ የሚያስጨብጥ ሐኪም ቤት የለም፥ ሊኖርም አይገባም። መንገዱ ግን እንደ ተከፈተ ነው። በአሜሪካም ቢሆን ፕራክቲካል ነርስ የሆነች ሰው የተማረችው ተቈጥሮላት ወደ ዋናው ነርስነት የምትሻገርበት ትምህርት አለ፤ ከዚያም ኦፕራሲዮን ክፍል ትገባለች። ከመሣሪያ አቀባይነት ተነሥቶ ነርስ ለመሆን የሚሻ ግን አብዛኛውን ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይገደዳል። በአንድ ቍጠባ ለምትማር የ43 ዓመት ሰው፥ አንዱ በር ወደ ሁለቱም ክፍል ሲያስገባ፥ ሁለተኛው ወደ አንዱ ብቻ የሚያስገባ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ወገቧም ያልኋት አለ። በኦፕራሲዮን ክፍል የሚነሣው መቀስ ነው ማለቷ ግማሹ እውነት ነው። መሣሪያ አቀባይ አራትና አምስት ሰዓት ሳትቀመጥ፥ ሳትጠጣ፥ የጸዳውን እጇን ከወገቧ በታች ሳታወርድ ትቆማለች፤ አጥንት በሚጠገንበት ጊዜ ከራጅ ጨረር ለመዳን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ትታጠቃለች። የመሣሪያው ሣጥንም ቀላል አይደለም። ሌሊት በስልክ የምትጠራበት ተራም አላት። ከሁሉም በላይ ዓይን የሚፈልግ ሥራ ነው፤ እኔ ራሴ አርባን ካለፍሁ ወዲህ በመነጽር ካልሆነ የመዝገቡን ቍጥር አላነብም። አስታማሚነትም ማንሣትና ማገላበጥ እንዳለበት አልካድሁም፤ ነገር ግን ፈቃድ ያላት ነርስ ወገቧ ሲደክም ወደ ክሊኒክ፥ ወደ ክትባት ክፍል፥ ወደ ቤት ለቤት ጥየቃ መዛወር ትችላለች። ሌላም ነገር አለ፤ የእጅ ፍጥነት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፥ ሰውን መልክ አይቶ መረዳት ግን ይጨምራል። ባሏን የቀበረች፥ ልጅ ያሳደገች፥ በባዕድ ቋንቋ ሽማግሌ የጦረች ሴት፥ የሃያ ዓመት ልጅ ከመጽሐፍ የማታገኘውን ነገር ይዛ ወደ ሕመምተኛው ትገባለች። በኦፕራሲዮን ክፍል ግን ሕመምተኛው ተኝቷል።

ይህን ሁሉ ሰምታ አልመለሰችልኝም። ጸሐፊ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም፤ እኔም ስለ ስሟ የተጻፈውን ማመልከቻ አስፈርሜያት ሄደች።

በቀጠሮው ቀን ተመልሳ ስትመጣ ከእናቷ ጋር የተነጋገሩትን ነገረችኝ። አሮጊቷ ተቀምጠው ሾርባ መጠጣት ከጀመሩ በኋላ፥ በሌሊት ታገላብጣቸው የነበረችውን ነርስ እያነሡ ሲመርቁ፥ ልጃቸው የጎዙን ነገር ነገረቻቸው፤ ሕይወታቸውን ያተረፈች ሌላም ልጅ እንዳለች፥ እርሷ ግን ተኝተው ስለ ነበር እንዳላዩዋት አስረዳቻቸው። አሮጊቷም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ታዲያ ለምን አልመጣችም? ጥሪያትና ፊቷን ልያት» አሉ። ልጅቱም ተጠርታ መጣች። አሮጊቷ እጇን ይዘው በወላይትኛ ሲመርቋት አለቀሰች፤ በዚህ ሥራ ስትኖር ሕመምተኛ ጠርቶ ሲያመሰግናት የመጀመሪያዋ እንደ ሆነም ተናገረች።

«ይህን ባየሁ ጊዜ እኔ ሳላመሰገን መኖር እንደማልችል ዐወቅሁ» አለችኝ፤ በራሷም ሳቀች። እኔ ካቀረብሁላት ምክንያት ሁሉ ይህ አልነበረበትም።

ውሳኔው ወጥቶ፥ ማኅተም ተመትቶበት፥ ወረቀቷን ተቀብላ ሄደች። ከአራት ወር በኋላ የጻፈችው መልእክት ደረሰኝ። በማታ ክፍል የፕራክቲካል ነርስ ትምህርት ጀምራለች፤ ከክፍሉ ተማሪዎች በዕድሜ ሁለተኛ ናት። ከሁሉ የከበዳት የኵላሊት ምዕራፍ ነው፤ እርሱንም የሶዶዋ መሣሪያ አቀባይ ከሥራ በወጣች ጊዜ በስልክ ታስረዳታለች።